የአድዋን ልብስ ስንለብስ ቃሬዛውን ማን ይያዝ?

(በምሩቃን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስልክ ደውለው “አጭር ነገር ተናገሪ፣ ከሥራሽ ጋር የተያያዘ ቢሆን ደስ ይለናል” ሲሉኝ፣ ቀዶ ሐኪም ስለሆንኩ ስለ ቀዶ ሕክምና እንዳወራ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ልብስ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። አትደንግጡ፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ሥራችን ይመለሳል። ላነሳ የፈለግሁት የካቲት 23 ቀን ስለሚለበሰው የዘማች ልብስ ነው። እኔና ባለቤቴ ይህን ልብስ ስንለብስ፣ ስንሰቅል፣ እንደገና ስናወርድ የተማርነው አንድ ነገር አለ፤ ለእናንተ ባካፍለው ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

መቼም ጎንደር የተማረ ሰው የጥንት ልብስ ብርቁ አይደለም። ከሌሊት ተረኝነት ወጥተን ዓይናችንን እያሸን የጥምቀትን ሰልፍ ያላየን ማን አለ? ካባ፣ ለምድ፣ ጋሻ፣ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ጎበዝ፣ ሁሉንም አይተናል። የአድዋ በዓል ግን በልጅነታችን እንዲህ አልነበረም። የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ በቴሌቪዥን ንግግር ይተላለፋል፣ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ በቃ። ካለፉት አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ነው መልኩ የተለወጠው። በ2006 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ከአዲስ አበባ አድዋ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ “ጉዞ አድዋ” የሚባለው ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰዉ እንደ ዘማች እየለበሰ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ መውጣት ለመደ። የአንበሳ ጎፈር የሚመስል በራሱ ላይ ያደርጋል፣ ለምድ ይደርባል፣ ጋሻና ጦር ይይዛል፣ ይፎክራል፣ ይሸልላል። ሴቶቹም ሹሩባ ተሠርተው፣ ካባ ደርበው፣ ጎራዴ ታጥቀው ይወጣሉ።

ባለቤቴ የታሪክ መምህር ነው፤ ደሴ ያስተምራል። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፣ አንድ ቀን ማታ እራት እየበላን፣ “አንድ ጊዜ እንኳ አደባባዩ ላይ ሳልቆም ስለ አድዋ ሳስተምር መኖሬ ደስ አላለኝም። ዘንድሮ ለብሰን እንሂድ” አለኝ። “እኔም?” አልኩት። “ታዲያ ሚስቴን ትቼ ልዝመት?” አለኝ። እንዲህ ተጀመረ።

የምንኖረው ሰኞ ገበያ ነው። ደሴን ለማታውቁት፣ ሰኞ ገበያ ከስሙ እንደምትረዱት የሰኞ ገበያተኛ የሚጎርፍበት ሰፈር ነው። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ገበያተኛውን እየተጋፋሁ ነው ቤቴ የምገባው። ልብሳችንን እዚያው ገበያ ውስጥ ፈለግን። ባለቤቴ ነጭ እጀ ጠባብና ሱሪ አሰፋ፣ የበግ ቆዳ ተበጥሮ እንደ ጎፈር የተሠራ የራስ ጌጥ ገዛ። ጋሻውን አንድ ወዳጁ አዋሰው። ጋሻው እንደ ጥንቱ የጎሽ ቆዳ አይደለም፣ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ቢሆንም ከሩቅ ያስፈራል። ልብስ የሚሰፉልን አባት ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “ላንቺስ ዶክተርዬ? የእቴጌ ካባ ላድርግልሽ?” አሉኝ። “ያድርጉልኝ” አልኳቸው። ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ላይ ወርቃማ ጥልፍ አደረጉበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለብሰው ደስ አለኝ። ዛሬም ያን ካባ እወደዋለሁ።

የዚያ ዓመት የካቲት 23 ሰኞ ዋለ። ሰፈራችን ገበያው እንደ ልማዱ ሲሟሟቅ እኛ አዲስ አበባ፣ ምኒልክ አደባባይ ላይ ቆመናል። ፊት ለፊታችን የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት፣ አጠገቡ የአራዳ ጊዮርጊስ። ሕዝቡ ከጠዋቱ ጀምሮ መሬት አይታይም። ባለቤቴ ፉከራ ውስጥ ገብቶ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ የማውቀው ሰው አይመስልም ነበር።

ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ከፊታችን የቆሙ አንድ አዛውንት ቀስ ብለው ተዝለፈለፉ። እሳቸውም ለምድ ደርበዋል፣ ጋሻ ይዘዋል። ካባዬን ሰብስቤ መሬት ላይ ተንበረከክሁ፤ ባለቤቴ ጋሻውን ጥላ አድርጎ ከላይ ያዘልን። የልብ ምታቸውን ያዝኩ፣ እግራቸውን ከፍ አደረግን፣ አንገታቸው ላይ የጠበቀውን አላላን። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ ከማታ ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሱም። “አባቴ፣ ውሃ ይጠጡ” ስላቸው “ጾም ነው ልጄ” አሉኝ። ሐኪም መሆኔን ነግሬ ለመንኳቸው፤ እምቢ። ከዚያ ካባዬን ከላይ እስከ ታች አዩና ፈገግ ብለው፣ “እቴጌ ካዘዙማ ምን አደርጋለሁ” ብለው ጠጡ።

በዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ውሃውን ስንፈልግ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዙሪያችንን ጋሻ የያዘ፣ ጦር የያዘ፣ ጎራዴ የታጠቀ ሰው ሞልቷል። ውሃ የያዘ ግን አልነበረም። አንዲት ልጅ ናት ከሩቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያቀበለችን። ወደ ደሴ ስንመለስ፣ መንገዱን ሙሉ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ጣርማበር ላይ ስንደርስ ባለቤቴን፣ “አድዋ ላይ ቁስለኛውን ማን አከመው?” ብዬ ጠየቅሁት። የታሪክ መምህር ነው፣ ጦርነቱን ከሰዓት ሰዓት ይነግራችኋል። ለዚህ ጥያቄ ግን ትንሽ ዝም አለ። “እስቲ አብረን እናንብብ” አለኝ።

አነበብን። ያገኘነውን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከእኛው ደጃፍ ነው። የጦርነቱ ሰበብ የሆነው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ከደሴ በስተሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ ባለችው ውጫሌ ነው። በ1888 መስከረም የክተት አዋጅ ሲታወጅ የሸዋ ዘማች እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲገናኝ የተቀጠረው እዚያው ወሎ፣ ወረኢሉ ነበር። የወሎን ጦር የመሩት ራስ ሚካኤል ናቸው፤ ኋላ ንጉሥ የተባሉት፣ ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት። የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ አሳድደው ከመቱት መካከል የእሳቸው ፈረሰኞች ነበሩበት። እኔ እዚያው አካባቢ እየኖርኩ ውጫሌን የማውቃት ሪፈር የተላከ በሽተኛ የሚመጣባት ከተማ አድርጌ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ልብሱ። እኛ አደባባይ የምንለብሰው የአለቆችን ልብስ ነው። ጎፈር፣ ለምድ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ የሹም ወይም የታወቀ ጀግና ማዕረግ ነበር። አብዛኛው ዘማች ሸማውን አጣፍቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ባዶ እግሩን ነው ያን ሁሉ ተራራ የወጣው። ከኋላው ደግሞ ልብሱን ዛሬ ማንም የማይለብስለት ሌላ ሠራዊት አለ፤ በሶና ድርቆሽ ያዘጋጁ፣ እህል የፈጩ፣ በቅሎ የጫኑ፣ ውሃ በእንስራና በቅል የተሸከሙ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች። እቴጌ ጣይቱን ጎራዴ ይዘው እንስላቸዋለን። በጥር 1888 መቀሌ እንዳየሱስ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ያንበረከከው ግን የሳቸው ምክር ነው፤ የውሃ ምንጩን ማስያዝ። አድዋ ላይ ደግሞ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ አስቀዱ። ስለዚህ እኚያ አዛውንት ሳያስቡት ትክክል ተናግረዋል፤ እቴጌ ካዘዙ ውሃ ይጠጣል።

ሦስተኛ፣ ቁስለኛው። የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ይለያያል፤ በብዛት የሚጠቀሰው ግን ከኢትዮጵያ ወገን ከ4,000 እስከ 5,000 የሚሆን ሰው እንደሞተና ወደ 8,000 የሚሆን እንደቆሰለ ነው። 8,000 ቁስለኛ፣ በአንድ እሑድ! እስቲ እንደ ሐኪም አስቡት። የእኛ ድንገተኛ ክፍል አንድ አውቶቡስ ሲገለበጥ 40 ሰው ቢመጣበት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ማደንዘዣ የለም፣ የቁስል ማጠቢያ የለም፣ ደም መስጠት የሚባል ነገር አልታሰበም። የነበረው ወጌሻ ነው፣ መድኃኒት ቀማሚ ነው፣ ማርና ቅቤ ነው፣ ሚስትና እህት ናት። ወጌሻውን ዛሬ በሌላ ዓይን እንደምናየው አውቃለሁ፤ አጥብቆ አስሮ እጅና እግር ያስቆረጠብንን ሕፃን ሁላችንም አክመናል። ያን ቀን ግን አጥንት የሚያቀና ሌላ ሰው አልነበረም። ማሩንም ቢሆን ዛሬ የሕክምና መጽሔቶች ለቁስል እንደሚጠቅም ይጽፉለታል።

ከውጭ የደረሰው የመጀመሪያው የተደራጀ ሕክምና የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ነው። እሱም አዲስ አበባ የገባው ጦርነቱ ካለቀ ከወራት በኋላ፣ በ1888 ክረምት ነበር። እዚያ የተጀመረው የሩሲያ ሕክምና ነው፣ በኋላ በ1910 እ.ኤ.አ. ለቆመው ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መንገድ የጠረገው። ከእናንተ መካከል እዚያ የሠራችሁ አላችሁ። በአድዋ ቁስለኛ ምክንያት በተጀመረ ሥራ ላይ ነው የቆማችሁት ማለት ነው።

አንድ የሚከብድ ነገርም አለ፤ ከታሪኩ ውስጥ ነውና አልዘለውም። ከተማረኩት አስካሪዎች ወደ 800 የሚሆኑት፣ የአገራቸውን ጠላት አገለገሉ ተብለው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። የዘመኑ ፍርድ ነው ይባላል፤ ነውም። ግን እኛ እግር ስንቆርጥ የበሽተኛው እናት በር ላይ ቆማ የምታለቅሰውን ለቅሶ የምናውቅ ሰዎች ነን። ከ800ዎቹ እያንዳንዱ እናት ነበረችው። ድሉ ድል ነው፤ አፍሪካም፣ ከአፍሪካ ውጭ ያለው ጥቁር ሕዝብም የኮራበት ድል። ኩራቱ ይህን በመስማት አይቀንስም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብበን፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዴት እንልበስ እያልን ስንጫወት፣ በሽታው መጣ። በዓሉ ካለፈ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ ተገኘ። ልብሱ ቁም ሣጥን ገባ። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲወርድ ደሴ የተፈናቃይና የቁስለኛ ከተማ ሆነች። ትምህርት ቤቶቹ በሰው ሞሉ፤ የባለቤቴ መማሪያ ክፍል ውስጥ ስምንት ቤተሰብ ተኝቶበት ነበር። እኔ ቤቴ የምገባው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ቀኑን በተጨመረ ቀዶ ሕክምና ነው የምቆጥረው። ዝርዝሩን አልነግራችሁም፤ ግማሾቻችሁ አብራችሁኝ ነበራችሁ፣ ግማሾቻችሁ በየሆስፒታላችሁ ያንኑ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጠረጴዛው ላይ የተኛ ልጅ ልብሱ ከተቀደደለት በኋላ የየትኛው ወገን እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም “እማዬ” ነው የሚለው።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሷ ደሴ ገባ። እኛም ከብዙ ሰው ጋር ወጣን። በታኅሣሥ ስንመለስ የምሠራበት ሆስፒታል ግድግዳው ነበረ። ኦክስጅኑ፣ የላቦራቶሪው ዕቃ፣ የቀዶ ሕክምናው መብራት አልነበረም። ቤታችንም ተበርብሯል። ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ ብዙ ነገር ተወስዶ፣ የሚገርማችሁ፣ የእቴጌ ካባዬና የቆርቆሮው ጋሻ ወለል ላይ ተጥለው ተገኙ። ማን ይፈልጋቸዋል?

ሁለት ወር ቆይቶ የካቲት 23 ደረሰ። ባለቤቴ ጋሻውን አጥቦ፣ ጎፈሩን አራግፎ፣ “እንልበስ” አለኝ።

“አልለብስም” አልኩት።

“ለምን?”

“ፉከራ መስማት አልችልም። ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ድምፅ አለ።”

እሱም የሚለው ነበረው። “አየሽ፣ ልብሱን እኛ ካልለበስነው ጦርነት የሚወድ ሰው ብቻ ይለብሰዋል። ለልጆቹ አድዋን የሚያስተምራቸው እሱ ይሆናል። ይሄን ትፈልጊያለሽ?” አለኝ። “አልፈልግም። ግን ጦር የሚወጋ ነገር መሆኑን ካየሁ ሦስት ወር አልሞላኝም” አልኩት። ቀናት ተከራከርን። ባልና ሚስት ሲከራከር ታውቁታላችሁ፤ ሽንኩርት እየተከተፈም፣ ልጅ እየታጠበም ነው። እሱ ልክ ነበር፣ እኔም ልክ ነበርኩ። የዚያን ዓመት ልብሱ ሳይለበስ ቀረ። እሱም እኔን ትቶ ብቻውን አልወጣም፤ ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ።

መፍትሔው የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የሰላም ስምምነቱ በጥቅምት 2015 ተፈርሞ ነበርና አየሩ ትንሽ ቀለል ብሏል። የባለቤቴ ተማሪዎች የካቲት 23ን በትምህርት ቤታቸው ለማክበር ሲዘጋጁ፣ ማታ መጥቶ፣ “ጋሻውን ተዪው። አድዋ ላይ ቁስለኛውን ማን አከመው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ለምን እነሱን አንለብስም?” አለኝ።

ለበስናቸው። እኔ ተራ የጥጥ ቀሚስ ለብሼ መቀነቴን ታጠቅሁ፣ ውሃ የሞላ ቅል አንጠለጠልኩ፣ ከአሮጌ ነጠላ ቀድጄ የቁስል ማሰሪያ በትከሻዬ ጣል አደረግሁ። ባለቤቴና ሦስት መምህራን ከሁለት አጠናና ከአንድ ጋቢ ቃሬዛ ሠሩ። ማንም አልተኛበትም፤ ባዶውን ነው የተሸከሙት። ሌሎቹ ተማሪዎች ጋሻቸውን ይዘው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን፣ ከቤታችን ተነሥተን በሰኞ ገበያ በኩል ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን።

የሆነውን ልንገራችሁ። ልጆቹን ሲያይ እልል የሚለው ሰው፣ ቃሬዛው ሲደርስ ዝም ይላል። አንዳንዱ ኮፍያውን ያወልቃል። ተሰብስበው ሲጫወቱ የነበሩ ሕፃናት “ማን ነው የሞተው?” ብለው ጠየቁን። ባለቤቴ ቃሬዛውን አስቀምጦ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ እዚያው መንገድ ላይ አስተማራቸው። እህል የሚሸጡ አንዲት እናት ደግሞ ሲያዩን ቆይተው ተነሡና፣ “ውሃም ይዛችኋል፣ ቃሬዛም ይዛችኋል፤ ስንቁስ? ያለ ስንቅ ዘመቻ አለ እንዴ?” ብለው በፌስታል በሶ ቋጥረው ሰጡን። ሒሳብ ልንከፍል ስንል፣ “አብሽሪ ልጄ፣ የእኔም ልጅ በቃሬዛ ነው የተረፈልኝ” አሉኝ። የማን ሠራዊት ውስጥ እንደነበር አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲህ ነው የምንወጣው። ቃሬዛው ኋላ ሁለት ሆነ። ባለቤቴ አንዳንዴ ጋሻውን ይይዛል፤ እኔም ካባዬን የምደርብበት ዓመት አለ፤ ቅሉ ግን ከእጄ አይለይም። ይህ የእኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች የእርስ በእርስ ጦርነታቸውን ልብስ ለብሰው ሲያስታውሱ፣ ከሰልፈኛው ጎን የጦር ሜዳ ሐኪም ድንኳን ይተክላሉ፤ መጋዙም፣ የቆሰለውም፣ አስታማሚዋም ይታያሉ። ቀይ መስቀል ራሱ የተወለደው በ1859 እ.ኤ.አ. ሶልፌሪኖ ላይ አንድ ነጋዴ፣ ሄንሪ ዱናን፣ ቁስለኞቹንና ያለ ወገን ልዩነት ያስታመሟቸውን የመንደር ሴቶች አይቶ ዝም ባለማለቱ ነው። ያየውን ጻፈ። በጽሑፉ ዓለም ተነሣ።

ወደ ሥራችን ይመለሳል ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው።

ደሴ አንድ ሌላ ቀን አላት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመትቷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተመሠረተ ገና አምስት ወሩ ነበር። ይህን ቀን ዛሬ ከነዝርዝሩ የምናውቀው ለምንድን ነው? በከተማዋ የነበሩ ሐኪሞችና የውጭ ጋዜጠኞች ያዩትን ወዲያው ስለጻፉ ነው። አድዋ ላይ ግን የሞቱትን የጣሊያን ጄኔራሎች ስም ከነማዕረጋቸው እናውቃለን፤ ለ8,000ው ቁስለኛ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ያመላለሰች አንዲት ሴት ወይም አጥንት ያቀና አንድ ወጌሻ በስም ጠርቼ ላመሰግን ብል፣ ከትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት ስም የለኝም። ልብሳቸውን የሚለብስላቸው የጠፋው ለዚህ ይመስለኛል። ስሙ ያልተጻፈ ሰው አደባባይ አይወጣም።

ታዲያ የእኛስ ዘመን? ከ2013 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት፣ ከዚያም ወዲህ፣ በዚህ አዳራሽ ያለነው ሰዎች ያየነውን ማን ጻፈው? በባትሪ ብርሃን የሰፋች ሐኪም አለች። ደመወዝ ሳይደርሳት ወራት ሆስፒታል ያደረች ነርስ አለች። ኦክስጅን ሲያልቅ በእጁ እየጨመቀ ሕፃን ያተረፈ ኢንተርን አለ። የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ዘበኞቹ፣ ከሰፈር እንጀራ እየጋገሩ ለበሽተኛ ያመጡ እናቶች አሉ። የሕሙማን መዝገቦቹ በየመጋዘኑ አቧራ ለብሰዋል፤ ከፊሉ ጠፍቷል። ትዝታችንም እንደ መዝገቡ ነው፤ በየዓመቱ አንዳንድ ገጽ ይጎድለዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ማኅበሩ ከዚህ ዓመት ጀምሮ የምሩቃኑን ምስክርነት ይሰብስብ። ረጅም መሆን የለበትም። እያንዳንዳችን ሁለት ገጽ ብንጽፍ ይበቃል፤ የት ነበርን፣ ምን ጎደለን፣ በምን ተካነው፣ አብሮን ማን ነበር። የበሽተኛውን ምሥጢር እንደ ወጉ እንጠብቅ፤ የአስታማሚውን ስም ግን፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ሙሉውን እንጻፍ። መምህራኖቻችን ደግሞ አሠራሩን ያሳዩን፣ ተማሪዎቻቸውን ያሰማሩልን። በየሆስፒታሉ የተረፈው መዝገብ ተባይ ሳይበላው ይቆጠር። ወግ የማንወድ ሰዎች ነን፣ አውቃለሁ፤ ከሐኪም ያገኛችሁት ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አይነበብም። የተነበበውን ያህል ይነበብ፣ እንጻፈው።

ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። በሚመጣው የካቲት 23 የትም ብትሆኑ፣ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ በዓሉን ስታከብሩ ልብሱን ልበሱ። ፎክሩም፣ ሸልሉም፤ የድል ልጆች ነን። ብቻ ከመካከላችሁ አንዱ ውሃ ይያዝ። አንዱ ፋሻ ይያዝ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ በፀሐይ የሚዝለፈለፍ ሰው አይጠፋምና፣ ለጌጥ የያዛችሁት ነገር ለሥራም ይሆናችኋል። ልጆቻችሁ “ይሄ ምንድን ነው?” ብለው ሲጠይቋችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ጋሻ ያልያዙትም ዘምተው እንደነበር ይወቁ።

በእኛ በወሎ ሽማግሌ ሲመርቅ ሁሉም አሚን ይላል። እኔ ገና ሽማግሌ አይደለሁም፤ ግን መድረኩን ስለሰጣችሁኝ ልመርቅ። ቃሬዛችን ባዶውን ይዙር። እጃችን የሚሰፋው ቁስል ይቀንስልን፤ የምናዋልደው ልጅ ይብዛልን። ያስተማሩንን ዕድሜ ይስጥልን፤ በሥራ ላይ ሳሉ ያጣናቸውን ነፍስ ይማርልን። የከርሞ ሰው ይበለን።

አሚን በሉ።